«ይሄዳል» ያልተባለለት ጫማ

የጫማ ሠሪው ክፍል ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ናት። ጣሪያዋ ከደረጃው ጋር እኩል ስለሚወርድ፣ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ ወገቡን ማጠፍ አለበት፤ ጥጉ ጋ ሲደርስ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ የለውም። ጫማ ሠሪው እዚያ ጥግ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ከራሱ በላይ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሰው ቀና ብሎ ሳያይ በኮቴው ያውቀዋል። ዓይኑን ከወስፌው ሳያነሳ «ነርሷ ዛሬ ደክሟታል» ይላል። ወይም፦ «ያ የሁለተኛው ፎቅ ሰውዬ ዛሬም ተረከዙን አላስቀየረም፤ ሚስማሩ ደረጃውን እየጫረው ነው።» ልጁ ትንሽ ሳለች አባቷ ጣሪያውን አልፎ የሚያይ ይመስላት ነበር።

ሶል የለጠፈበትን ጫማ የፈለገ ቢመጣ በዕለቱ አይሰጥም። ማስቲሹን ቀብቶ፣ በገመድ ጠፍሮ፣ የእግር ቅርጽ ባለው የእንጨት ፎርማ ላይ ያሳድረዋል። በማግስቱ ገመዱን ይፈታና ጫማውን ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠግቶ ሶሉን ሦስት ጊዜ ያጥፈዋል። ያዳምጣል። ማስቲሹ ያልያዘው ቦታ ድምፅ አለው ባይ ነው፤ የደረቀ ከንፈር ሲላቀቅ የሚሰማ ዓይነት፣ እጅግ ትንሽ ድምፅ። ከሰማው ጫማውን መልሶ ይፈታዋል። ካልሰማ በጨርቅ ወልውሎ ባለቤቱ ፊት ያስቀምጥና አንዲት ቃል ይናገራል።

«ይሄዳል።»

ከዚህ በላይ አይጨምርም። ደንበኞቹም ይህችን ቃል ሳይሰሙ ንቅንቅ አይሉም። አንዳንዴ ረስቶ ዝም ካለ «ጋሼ፣ አላሉትም እኮ» ብለው ይቆማሉ። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ይሄዳል» ብሎ ነው።

ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀጭንና ቀጥ ያለች ስለሆነች ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ሚስማር» ይላታል። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ አንድ ልብስ መደብር ተቀጥራ ነበር፤ መደብሩ ሲዘጋ ወደ አባቷ ደረጃ ሥር ገባች። ቀለም ትቀባለች፣ ማሰሪያ ትሰካለች፣ ደንበኛ ሲጠፋ ስልኳን ትነካካለች። አንድ ቀን ሥራ ፈትታ እጆቹን ቀረጸቻቸው። ፊቱን እንዳታነሳ ከልክሏታል። «ጫማ የሚሠራው ፊቴ አይደለም» ነበር ያላት።

መጀመሪያ የለቀቀችው ቪዲዮ አርባ ሰከንድ አይሞላም። ክር ይጠብቃል፣ መዶሻ ያርፋል፣ ሶል ይታጠፋል፣ ከዚያ ያቺ ቃል ትሰማለች። በማግስቱ ስልኳን ስትከፍት ሁለት ሺህ ሰው አይቶታል። የማታውቃቸው ሰዎች «ድገሚልን» ብለው ጽፈውላታል።

ሥራውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። አምፖል ስታበራ ቆዳው እንደ ፕላስቲክ ማብረቅረቁን አየችና ከበሩ ፊት ለፊት አንድ የተሰነጠቀ መስታወት አቁማ የቀኑን ብርሃን ወደ ጥጉ ላከችው። የስልክ ማቆሚያ ስላልነበራት የልጅ ጫማ ፎርማ ግድግዳው ላይ ቸንክራ ስልኳን በጎማ አሰረችበት። ሙዚቃ ስትጨምርበት ሰው ተቆጣ፤ አወጣችው። ከጠዋት ይልቅ ምሳ ሰዓት ላይ የለቀቀችው ብዙ ዓይን እንደሚያገኝ ደረሰችበት። ለሚጽፍላት ሁሉ ትመልሳለች፤ የማታውቀውን ሲጠይቋት «አባቴን ልጠይቅ» ትላለች፣ ጠይቃም ትመልሳለች። በአንድ ዓመት ተኩል ዘጠና ሺህ ተከታይ አፈራች።

«አባዬ፣ ዘጠና ሺህ ሰው ይከተልሃል።»

«ወዴት?» አለ ጫማ ሠሪው። «እኔ ከዚች በርጩማ ተነስቼ አላውቅ።»

«የምሬን ነው። ተጽዕኖ ፈጣሪ ሆነሃል። እንደዚያ ነው የሚባለው።»

«ተይ ሚስማር፣ ፈጣሪስ አንድ ነው» አላት፤ ቢሆንም የከንፈሩ ጫፍ ፈገግ ብሎ ነበር። ያን ዕለት ከወትሮው አንድ ጫማ ጨምሮ ሠራ።

ጭማሪው ግን ዋጋ አስከፈለው። ቀኝ ትከሻው ከታመመ ሦስት ዓመት አልፏል። ወፍራም ሶል በወስፌ ሲሰፋ ክሩን በጎተተ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል። የድሮ የስፌት መኪናው ተሰብሮ ጥግ ላይ አቧራ ለብሷል፤ መለዋወጫው የትም አይገኝም። አንዳንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ልጅቱ የአባቷ እጅ ጭኑ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተጋድሞ ታየዋለች። ያን ጊዜ ስልኳን ታጠፋለች። እሱን አትቀርጽም።

ወኪሉ የመጣው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አዲስ የወጣ ማስቲሽ የሚሠራ ፋብሪካ ልኮት ነው። ነጭ ስኒከር አድርጓል። አንገቱን አጠፈ፣ ወገቡን አጠፈ፣ በመጨረሻም የደንበኛ መቀመጫ ላይ ዘፍ አለ።

«አባባ፣ ቪዲዮዎን የማያይ የለም ቢሮአችን ውስጥ።»

«እኔ ግን አላየሁትም» አለ ጫማ ሠሪው። የሰውየውን ጫማ እያየ ነበር። «የግራ ተረከዝህ በውጭ በኩል አልቋል። ትቸኩላለህ።»

ወኪሉ ሳቀና ከቦርሳው አንዲት ቢጫ ቱቦ አወጣ። ማስቲሹ በአምስት ደቂቃ ይይዛል አለ። ፎርማ የለም፣ ገመድ የለም፣ ማሳደር የለም፤ ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ጫማውን ይለጥፍበታል። «ዛሬ ሰው ማስታወቂያ አያምንም፣ አባባ። ሰው የሚያምነው ሰው ነው። እርስዎ በዚህ አንድ ጫማ ለጥፈው ቃልዎን ቢሉልን፣ ፋብሪካው አዲስ የስፌት መኪና እዚሁ ድረስ ያመጣልዎታል። ለልጅዎም የዓመት ውል አለ፤ የሌሎች ደንበኞቻችንን ገጽ ትይዛለች።»

የስፌት መኪና ሲል የልጅቱ ልብ ዘለለ። አባቷን ሰርቃ አየችው። እሱ ቱቦዋን እያገላበጠ ያሸታል።

«ጥሩ ማስቲሽ ሊሆን ይችላል» አለ። «ተውልኝና አሥር ጫማ ልሥራበት። ክረምት ይለፍበት። ከያዘ እናገራለሁ።»

«ክረምት?» አለ ወኪሉ። «አባባ፣ ቪዲዮው የሚፈለገው ለሐሙስ ነው።»

«ቀብቼ ላሳይህ እችላለሁ። እጄን ውሰደው። ቃሉ ግን ካላደረ አይወጣም።»

«ችግር የለም» አለ ወኪሉ በለስላሳ ድምፅ። የጫማ ሠሪው እጅ ማስቲሹን ሲቀባ፣ ሶሉን ሲጫን ተቀረጸ። ጨርሶ ጫማውን አስቀመጠና ዝም አለ። ያ ዝምታ ስልኩ ውስጥ ገባ፤ ሰባት ሰከንድ ያህል።

ልጅቱ ወኪሉን ልትሸኝ ወጣች። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ሰውየው ዞረ። «ያለ ቃሉ ዋጋ የለውም፣ እህቴ። እጅማ የማንም እጅ ነው።» ጥቂት አሰበ። «ድሮ ያለው የለሽም? አንዲት ቃል እኮ ናት። የራሱ ድምፅ፣ የራሱ ቃል። ማንን ዋሸሽ?»

ልጅቱ ስትመለስ ወደ አባቷ ክፍል አልገባችም፤ ደረጃው ላይ፣ ከአባቷ ራስ በላይ ተቀመጠች። ስልኳ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ «ይሄዳል» አለ። አንዱን ከፈተች፣ ሌላውን ከፈተች። በአንዱ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፤ በአንዱ አባቷ ያስነጥሳል። ሁሉንም አልፋ አንዱ ጋ ቆመች። በቀስታ፣ በሙሉ ደረት የተባለ፣ ጥርት ያለ «ይሄዳል» ነበር። የማን ጫማ እንደነበር ለማየት ወደ ኋላ አልመለሰችውም።

«ሚስማር!» አለ አባቷ ከሥር። «ደረጃ ላይ ምን ያስቀምጥሻል?»

«ኔትወርክ ፍለጋ ነው፣ አባዬ።»

ቃሉን ቆርጣ ዝምታው ላይ ለጠፈችው። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።

ቪዲዮው ከወጣ በሳምንቱ የስፌት መኪናው በጭነት መኪና መጣ። ጫማ ሠሪው የመጀመሪያውን ሶል ሲሰፋበት ትንፋሹን አልያዘም። አዲሱን ብረት በመዳፉ እየደባበሰ «እንግዲህ ቃሉን ሳልሰጣቸው ሰጡን። ደግ ሰዎች ናቸው» አለ። ልጅቱ ክር አቀበለችው። ተከታዮቿ መቶ አርባ ሺህ ደርሰው ነበር፤ ቁጥሩን ግን አልነገረችውም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት አካባቢ፣ ጫማ ሠሪው መዶሻውን አየር ላይ አቆመ።

«መምህርቷ ናት» አለ። «ምርኩዙ ግን በግራ እጇ ነው። ምን ነክቷታል?»

መምህርቷ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። አንድ እግራቸው ካንዱ አራት ጣት ያጥራል። የሚያጥረውን የሚሞላ ከፍ ያለ ሶል ጫማ ሠሪው ሲሠራላቸው አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በቆዳ ላይ ቆዳ፣ በጎማ ላይ ጎማ እየደራረበ። አሁን በሩ ላይ ቆመዋል፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ በጀሶ ታስሯል። በግራቸው ከምርኩዙ ጋር አንዲት የላስቲክ ከረጢት ይዘዋል። ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ ሲገለብጧት ያ ከፍ ያለ ሶል ከጫማው ተለይቶ ለብቻው ተንከባለለ።

«መምህር፣ ምን ሆኑ?»

«ከአውቶቡስ ደረጃ ወደቅሁ» አሉ እየተቀመጡ። «ልወቅስዎ አልመጣሁም። ልጠይቅዎ ነው። እህቴ ጋ ሄጄ ሳለ ጫፉ መላቀቅ ጀመረ። እርስዎ ጋ ለመምጣት ሩቅ ነበርኩ። ያን የቪዲዮውን ማስቲሽ ገዛሁና እንዳሳዩት አደረግሁ። አምስት ደቂቃም ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ልጨምር ብዬ አሥር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ‹ይሄዳል› ብለውኝ ሄዶልኛል። ዘንድሮ ምን ነካው?»

«እኔ ይሄን ማስቲሽ ይሄዳል አላልኩም።»

«ብለዋል እንጂ።»

«አላልኩም፣ መምህር።»

«ድምፅዎን አላጣውም» አሉ መምህርቷ በእርጋታ። «በዚያ ላይ ልክ ከቃሉ በኋላ የእኔ ምርኩዝ ወለሉን ኳ ሲያደርግ ይሰማል። የብረት ጫፉን ያስገቡልኝ እርስዎ አይደሉ? ድምፁን አውቀዋለሁ። ስለ እኔ ጫማ የተናገሩ መሰለኝ። ያ ባይሆን እኔ ማስታወቂያ አይቼ ዕቃ የምገዛ ሰው አይደለሁም።»

ልጅቱ እጇ ላይ ያለው የቀለም ብሩሽ ከበዳት። አባቷ ዞሮ አላያትም። እጁን ብቻ ዘረጋ።

«ስልኩን።»

ሰጠችው። ሰው እንደሚያየው አላየውም። ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ጫማ እንደሚያዳምጥ አዳመጠው። «ድገሚው» አላት። ደገመችው። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» በሦስተኛው ስልኩን ከጆሮው አነሳ።

«እዚህ ጋ አልያዘም» አለ። «መገጣጠሚያው ይሰማል።»

ከላይ አንድ ሰው ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። ጫማ ሠሪው ስልኩን መልሶ ለልጁ አቀበላት፤ የተለያየውን ሶልና ጫማ በሁለት እጁ አንስቶ ደረቱ ላይ ያዛቸው።

«ይተዉልኝ፣ መምህር። እንደገና ነው የምሠራው።»

ልጅቱ ቢጮህባት ትመርጥ ነበር። አልጮኸም። በማግስቱ ነርሷ ጫማዋን ልትወስድ መጣች። ሶሉን ሦስት ጊዜ አጠፈው፣ አዳመጠ፣ ወለወለ፣ ፊቷ አስቀመጠው። ነርሷ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ አላልከኝም።»

«ደህና ነው። ውሰጂው» አለ ጫማ ሠሪው ወደ መሬት እያየ።

በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው ሆነ። ደንበኞቹ ከሄዱ በኋላ ልጅቱ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «አባዬ፣ ለምን አትላቸውም?»

«እምቢ አለኝ» አላት። «ከአፌ ስትወጣ አንቺ ስልክ ውስጥ ያለችው ትመስለኛለች። የቷ የኔ እንደሆነች አላውቅም።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው አንጀቷን የቆረጣት። ትከሻውን ላሳርፍለት ብላ ከአፉ ላይ የወሰደችበትን ነገር አሁን ነው ያየችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል ይዞ ነው የኖረው፤ ሌላ ሀብት የለውም።

በዚያው ቀን ስልኳን ፎርማው ላይ አሰረችና ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፊት ቀረጸች። መስታወቱን ወደ ራሷ አዞረችው። «ማስቲሹን አባቴ አልሞከረውም» አለች። «ቃሉ የአባቴ ነው። ከሌላ ጫማ ላይ አንስቼ እዚያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን አጥፍቼዋለሁ። በዚህ ማስቲሽ ጫማ የለጠፋችሁ እንዳትረግጡበት።» ሳታስተካክለው ለቀቀችው።

ወኪሉ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ። የተናገረው ብዙ ነው፤ ባጭሩ ውሉ ፈርሷል፣ የስፌት መኪናውም ይመለሳል። ሁለት ሰዎች መጥተው ተሸክመው ወጡ፤ በዝቅተኛው ጣሪያ የተነሳ አንደኛው ግንባሩን መታ። ተከታዮቿ በሺህ እየተቆጠሩ ሄዱ። ከቀሩት ብዙዎቹ ሰደቧት። በየስድቡ ሥር አንዳንድ ቀልደኛ «ይሄዳል» እያለ ይጽፋል፤ ከስድቡ ሁሉ ያች ናት የምታቃጥላት።

ማታ ማታ አባቷ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይበላል፣ ይተኛል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነገረችው። «ለሁሉም ተናግሬያለሁ፣ አባዬ። መቶ ሺህ ሰው አይቶታል።»

ጫማ ሠሪው ክሩን በሰም እያሸ ጠየቃት። «ለመምህርቷስ?»

ልጅቱ የቀለም ብሩሿን አስቀመጠች።

«የወደቀችው እኮ እሷ ናት» አለ።

የመምህርቷ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ሲከፍቱላት ባንድ እግራቸው ወፍራም ካልሲ አጥልቀው፣ ባንዱ የእንጨት ማረፊያ ላይ ቆመው ነበር። ያ ማረፊያ ቤት ውስጥ ብቻ የሚሄዱበት ነው። ልጅቱ መንገድ ላይ ያጠናችውን ጀመረች።

«መምህር፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። በቪዲዮው ላይ ስህተት ተፈጽሟል።»

«ዓረፍተ ነገርሽ ባለቤት የለውም» አሉ መምህርቷ።

«እ?»

«ተፈጽሟል አልሽ። ማን ፈጸመው? ባለቤቱን አስገቢና ድገሚው።»

ስልኳ ፊት «እኔ ነኝ» ማለት ቀላል ነበር። «እኔ» አለች። «እኔ ቃሉን ከእርስዎ ጫማ ላይ ሰረቅሁ። የማን እንደሆነ እንኳ አላየሁም። እርስዎ በእኔ ምክንያት ወደቁ።»

ጀሶ የታሰረው እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር። «አሁን ዓረፍተ ነገር ሆነ» አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። ወንበር ግን ሳቡላት።

ከፍ ያለውን ሶል አባትና ልጅ አብረው ሠሩት። የስፌት መኪና ስለሌለ ወስፌ ነበር። አባቷ ቀዳዳውን ይበሳል፣ መርፌውን ያሳልፋል፤ ክሩን የሚጎትተው ትከሻ ግን የሷ ሆነ። መጀመሪያ ቀን ክሩ መዳፏን ሰነጠቀው። «በጨርቅ ጠቅልይ» አላት እንጂ ተይው አላላትም። አራት ቀን ፈጀባቸው፤ አምስተኛውን አሳደሩት። ግድግዳው ላይ ያለው ፎርማ ባዶውን ነበር፣ ጎማው ብቻ ተንጠልጥሎ።

መምህርቷ መጥተው ተቀመጡ። ጫማ ሠሪው ገመዱን ፈታ። አጠፈ፣ አዳመጠ። አጠፈ፣ አዳመጠ። በሦስተኛው ከወትሮው ረዘም አድርጎ ያዘው። ከዚያ ወልውሎ ፊታቸው አስቀመጠውና ከንፈሩን ገጠመ።

«አይሉም?» አሉ መምህርቷ።

«ይሂዱበትና እርስዎ ይንገሩኝ» አለ።

መምህርቷ ጫማውን አጠለቁ፣ ተነሱ፣ ወጡ። ልጅቱ ወደ ቤታቸው የሄዱ መስሏት ነበር። ወዲያው ግን ከአባትና ልጅ ራስ በላይ የመጀመሪያው ደረጃ ተረገጠ። ቀጥሎ ሁለተኛው። አባቷ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቱም ጨፈነች። ድሮ ጫጫታ ብቻ የሚመስላት ነገር ቀስ በቀስ ተለየላት። አንድ እግር፣ ምርኩዝ፣ አንድ እግር። ሁለቱ እግሮች እኩል ይከብዳሉ። መምህርቷ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ፣ ትንሽ ቆሙ፣ ወረዱ። መውረዱ ላይ ልጅቱ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

በሩ ላይ አንገታቸውን አጎንብሰው ብቅ አሉ። ላብ ግንባራቸው ላይ ይታያል።

«ይሄዳል» አሉ።

ጫማ ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሏን እሱ ብሏት አያውቅም። ደንበኛው ጫማውን አድርጎ ደረጃውን ወጥቶ ይወርዳል፤ የሚናገረውም ደንበኛው ነው።

መምህርቷ ከሄዱ በኋላ ከመደርደሪያው ያደረ የወንድ ጫማ አነሳና ለልጁ ዘረጋላት።

«አጥፊና ስሚው።»

ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ሦስት ጊዜ አጠፈችው። ምንም አልሰማችም። ምንም ያልሰማችው ጫማው ስለያዘ ይሁን ጆሮዋ ገና ስላልተማረ፣ መለየት አልቻለችም። እያፈረች ቀና አለች።

«አላወቅሁም፣ አባዬ።»

«ጥሩ» አለ ጫማ ሠሪው፤ ጫማውን ተቀብሎ ገመዱን መልሶ ጠፈረው። «ካላወቅሽ አንድ ቀን ይደር።»